ሳንባ ነቀርሳ የት ይበዛል? ማንንስ ይይዛል?

ካርታ አይታችሁ ታውቃላችሁ? ካርታ የአገር ሥዕል ነው። ወንዙን፣ ተራራውን፣ ወሰኑን በወረቀት ላይ ያሳያል። የበሽታም ካርታ አለ። ሕመምተኛ የበዛበት ወረዳ ቀለሙ ይጠቁራል። ሕመምተኛ ያልተገኘበት ነጭ ሆኖ ይቀራል።

የሳንባ ነቀርሳን ካርታ እንመልከት። በሽታውን ቲቢ የሚሉትም አሉ። ነጩን ወረዳ ስታዩ፣ «እዚህስ በሽታው የለም» ትሉ ይሆናል። ቆዩ እስቲ! ለመሆኑ እዚያ ማን መረመረ? ጤና ጣቢያው የአንድ ቀን መንገድ ከሆነ፣ የሚያስለው ሰው ቤቱ ተኝቶ ይቀራል። አክታው አልታየም። ስሙ መዝገብ አልገባም። ስለዚህ ካርታው አያውቀውም። በሽታው ግን ቤቱ ውስጥ አለ።

በ2003 ዓ.ም. በአገራችን ትልቅ ጥናት ተደረገ። መርማሪዎቹ ሕመምተኛው እስኪመጣ አልጠበቁም። ራጅ ይዘው ወደ ሕዝቡ ሄዱ። ዕድሜአቸው 15 ዓመትና ከዚያ በላይ የሆኑ ከ46,000 በላይ ሰዎች ታዩ። ሲሰላ፣ ከ100,000 አዋቂ 277ቱ የሳንባ ነቀርሳ ነበረባቸው። ቁጥሩን ወደ መንደራችን እናምጣው። 2,000 አዋቂ ባለበት ቀበሌ 5 ወይም 6 ሰው ማለት ነው። ከተገኙት ብዙዎቹ ሕክምና ያልጀመሩ ነበሩ።

ማንን ይይዛል? የሽማግሌ በሽታ የሚመስለው ሰው አለ። አይደለም። ጥናቱ ብዙ ወጣቶችን አግኝቷል፤ ገና ጎጆ የወጣውን፣ ልጅ የምታጠባውን። በአርብቶ አደሩ ዘንድም በዝቶ ተገኝቷል። ከብቱን ተከትሎ ለሚጓዝ ሰው ጤና ጣቢያ ሩቅ ነው፤ ምን ይገርማል? ከሕመምተኛ ጋር በአንድ ቤት የሚያድር፣ ምግብ ያጠረው፣ ኤች አይ ቪ በደሙ ያለበት፣ በጠባብ ቦታ የታሰረ ሰውም ይበልጥ ይጋለጣል።

«ብርድ መታኝ» የሚል ብዙ ነው። «የዘር ነው» የሚልም አለ፤ በዚህ ወሬ የስንቱ ልጅ ጋብቻ ፈረሰ! የበሽታው መነሻ በዓይን የማይታይ ጀርም ነው። ሮበርት ኮክ የሚባል የጀርመን ሐኪም እ.ኤ.አ. በ1882 አገኘው። ሕመምተኛው ሲያስል ጀርሙ ወደ አየሩ ይወጣል። መስኮት በሌለው ቤት አብሮ ያደረ ሰው ይስበዋል። የዘር ቢሆን ኖሮ፣ ከሌላ አገር የመጣች ምራት ከአማቷ ባልያዛት ነበር።

ሁለት ሳምንት ያለፈው ሳል፣ የሌሊት ላብ፣ መክሳት ካለ ሳትውሉ ሳታድሩ ተመርመሩ። አንገት ላይ የሚያብጥም አለ። በመንግሥት ጤና ጣቢያ መድኃኒቱ በነጻ ይሰጣል። ብዙውን ጊዜ 6 ወር ይወሰዳል። ችግሩ እዚህ ላይ ነው። በሁለተኛው ወር ሳሉ ይቆማል፤ ጉልበት ይመለሳል። አዝመራውም ይደርሳል። ሰውዬው «ድኛለሁ» ብሎ መድኃኒቱን ትቶ ወደ አጨዳው ይሄዳል። ይሄኔ ነው ጉዱ! የተረፈው ጀርም መድኃኒቱን ይለምደዋል። ያ መድኃኒት ዳግመኛ ላይሠራ ይችላል።

ስትመዘገቡ የቀበሌአችሁንና የጎጣችሁን ስም አስጽፉ። ከዚያም ራሳችሁ አንብቡት። የወረዳው ከተማ ስም ብቻ ከተጻፈ ነጥቡ ከተማው ላይ ያርፋል። መርማሪም ሲላክ ወደ ከተማው ይሄዳል። አብረዋችሁ የሚያድሩት ግን ጎጡ ውስጥ ናቸው።