የሙነሳ ጣውላና የናፖሊ ማንዶሊን

ከአዳማ ወደ አሰላ የሚወጣው መንገድ ኢተያ ሲደርስ ግራና ቀኙ ስንዴ ነው። በመኸር ጊዜ ኮምባይነሩ ያጭዳል፣ አይሱዙው ጆንያ ይጭናል። የሙዚቃ መሣሪያ ሥራ እዚህ ምን አገባው የሚል ቢኖር አልፈርድበትም። ይሁንና በዚሁ በአርሲ፣ ሙነሳ ደን ውስጥ፣ የፈረንጅ ጥድ በሰፊው ተተክሏል። የስፔን ባለሙያዎች ለፍላሜንኮ ጊታር ጀርባና ጎን የሚመርጡት የዚህኑ ዛፍ የቅርብ ዘመድ ነው። የእኛው ግን ማገር፣ በርና አልጋ ሆኖ ያልቃል።

ማንዶሊንም ለጆሯችን እንግዳ አይደለም። ስሙ ሲነሣ አንጋፋው አየለ ማሞ አብሮ ይነሣል። ግሩም መዝሙር ያቋቋመው አዲስ አኩስቲክ ፕሮጀክት የቀድሞዎቹን ዜማዎች በአኮርዲዮን፣ በክላርኔትና በአየለ ማንዶሊን መልሶ ሲጫወታቸው፣ አውሮፓም ድረስ አድማጭ አግኝቷል። ተጫዋች አላጣንም፤ የማንዶሊን ሠሪነት ግን አገራችን ውስጥ ሥር አልሰደደም።

በኢጣሊያዋ ናፖሊ ውስጥስ ለምን ሰደደ? የቪናቻ ቤተሰብ በ18ኛው ክፍለ ዘመን ቀጫጭን የእንጨት ሰቆችን በሙቀት እያጎበጠ፣ በኮላ እያያያዘ፣ ለሁለት እንደተከፈለ ቅል ያለ ሆድ ይሠራ ነበር። ስምንቱ ክሮች ሁለት ሁለት እየሆኑ እንደ ቫዮሊን ይቃኛሉ። በ19ኛው ክፍለ ዘመን ፓስኳሌ ቪናቻ የብረት ክር ሲያስርበት ድምፁ ጎላ። ከዚያ ወዲያ ማንዶሊን ፋሽን ሆነ። የኢጣሊያዋ ንግሥት ማርጌሪታ ሳትቀር ተማረችው፤ በየከተማው የማንዶሊን ኦርኬስትራ ተቋቋመ፤ ኖታ አሳታሚውም፣ አስተማሪውም እንጀራ በላበት። ራፋኤሌ ካላቼ (እ.ኤ.አ. 1863–1934) ሠሪም፣ ተጫዋችም፣ የዜማ ደራሲም ነበር። እኔን የሚገርመኝ ይህ ነው፤ የሚሠራውን ዕቃ ድክመት በራሱ ጣት ያውቀዋል። አናጢነት ብቻውን እዚህ አያደርስም።

ከአንደኛው የዓለም ጦርነት በኋላ ፋሽኑ ቀዘቀዘ። የዛሬው የአውሮፓ ገበያ የዚያን ዘመን ትርፍ ገና ተሸክሟል። ስም የለሽ አሮጌ ማንዶሊን በርካሽ ይሸጣል፤ አንገቱ ከጎበጠ ማስጠገኛው ከመግዣው ይበልጣል። የሮማው ሉዊጂ ኤምበርገር የሠራው ከሆነ ወይም አዲስ የካላቼ ማንዶሊን ከሆነ ዋጋው በሺህ ዩሮዎች ይቆጠራል። ለጀማሪ የሚሆነውን ደግሞ የሩማኒያዋ ሬጊን ከተማና የቻይና ፋብሪካዎች በብዛት ያወጡታል። አንድ የኢተያ ወጣት ተነሥቶ ማንዶሊን ሠርቼ አውሮፓ ልሽጥ ቢል፣ በላይ ስም፣ በታች ዋጋ ያንቀዋል። እኔ አልመክረውም።

እንጨቱ ሌላ ጉዳይ ነው። እ.ኤ.አ. ከ2017 ጀምሮ ለሙዚቃ መሣሪያ የሚፈለገው የሮዝዉድ እንጨት ዝርያዎች በሙሉ ማለት ይቻላል በዓለም አቀፍ የንግድ ቁጥጥር ሥር ገብተዋል። በ2019 ላለቀላቸው የሙዚቃ መሣሪያዎች ቁጥጥሩ ቢላላም፣ ሠሪዎች ምትክ እንጨት መፈለጋቸውን አልተዉም። ተተክሎ ያደገ ጥድ ሕጋዊነቱን ማስረዳት ይቀላል። ግን ከመጋዝ የወጣ እርጥብ ጣውላ ለዚህ ሥራ አይሆንም፤ ሲደርቅ ይሰነጠቃል፣ ይጣመማል። ቀጥ ያለ፣ ጉጥ የሌለው ግንድ ተመርጦ፣ በልኩ ተሰንጥቆ፣ በጥላ ሥር አየር እያገኘ ዓመታት መቆየት አለበት። ወደ አሰላ አለፍ ሲሉ ያለው የቁሉምሳ ምርምር ማዕከል አንድ የስንዴ ዝርያ ለገበሬ እስኪያደርስ ዓመታት ይጠብቃል፤ የጥበቃውን ወጪ ግን መንግሥት ይሸፍናል። የጣውላውን ማን ይሸፍን? በየወሩ ተከፋይ የባንክ ብድር ይህን አይችለውም።

ስለዚህ መጀመሪያው ክራር ቢሆን ይሻላል። ጥቂት እንጨት ይበቃዋል፤ ገዢው አዲስ አበባም ዋሽንግተንም አለ፤ ተጫዋቹም ዘወትር የሚያማርረው አንድ ነገር ነው፦ ቅኝቱ ቶሎ ይላላል። የማይንሸራተት መቃኛ የሠራ ሰው ደንበኛ ለመፈለግ ናፖሊ ድረስ መሄድ አያስፈልገውም።