ሀዲዱ ድንበር ሲሻገር

በታንዛኒያ ኪዳቱ ላይ ሁለት ሀዲዶች ይገናኛሉ፤ ፉርጎ ግን ከአንዱ ወደ ሌላው አያልፍም። ከዳሬሰላም ወደ ምዕራብ የሚሄደው ነባሩ መስመር ስፋቱ 1,000 ሚሊ ሜትር ነው፤ ዛምቢያ የሚገባው ታዛራ ደግሞ 1,067። ለ67 ሚሊ ሜትር ሲባል ጭነቱ ወርዶ እንደገና ይጫናል። ነገሩ የመሐንዲስ ስሕተት አይደለም። የታዛራ ስፋት ከዛምቢያና ከደቡባዊ አፍሪካ ሀዲዶች ጋር እንዲገጥም ታስቦ የተመረጠ ነው። የሀዲዱን ስፋት የሚቆርጥ መንግሥት ከየትኛው ጎረቤት ጋር እንደሚነግድም አብሮ ይቆርጣል።

1,860 ኪሎ ሜትር የሚረዝመው ታዛራ በቻይና ወለድ አልባ ብድር ከ1970 እስከ 1975 ተሠራ (ዓመቶቹ ሁሉ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ናቸው)። ዓላማው የዛምቢያ መዳብ ሮዴዥያንና ደቡብ አፍሪካን ሳይረግጥ ወደብ እንዲደርስ ነበር። አፓርታይድ ሲወድቅ የደቡቡ መንገድ ተከፈተና መስመሩ ትልቁን የመኖር ምክንያቱን አጣ።

ወደ እኛ ስንመጣ፣ ምኒልክ በ1894 ለስዊሱ መሐንዲስ ለአልፍሬድ ኢልግ የሀዲድ ፈቃድ ሰጡ፤ ሥራው በ1897 ከጅቡቲ ተጀምሮ በ1902 ድሬዳዋ፣ በ1917 አዲስ አበባ ደረሰ። ሐረር ተራራው ላይ ስለሆነች ባቡሩ ሳይወጣባት ቀረ፤ ድሬዳዋ ከሜዳው ላይ የበቀለችው በዚህ ሰበብ ነው። ለእኔ ሀዲድ ልማት ያመጣል ለሚለው ክርክር ከእርሷ የተሻለ ምስክር የለም።

በ2016 የተመረቀው አዲሱ መስመር በኤሌክትሪክ የሚሠራ፣ 1,435 ሚሊ ሜትር ስፋት ያለው ነው፤ የኩባንያው ድርሻ 75 በመቶ የኢትዮጵያ፣ 25 በመቶ የጅቡቲ። የንግድ አገልግሎቱ የተጀመረው ግን በ2018 ነው፤ በዚያው ዓመት ለግንባታው የተወሰደው የቻይና ብድር መክፈያ ከ10 ወደ 30 ዓመት ተራዘመ። ለመስመሩ መቸገር ብዙ ሰው ጣቱን በኤሌክትሪክ መቆራረጥ ላይ ይቀስራል፤ እሱም አለ። ጠንከር ያለው ችግር ግን የመልስ ጭነት ይመስለኛል። ከጅቡቲ ማዳበሪያና ኮንቴይነር ጭኖ የሚመጣ ባቡር ሲመለስ የሚጠብቀው ቡናና ጥራጥሬ ነው፤ የምንልከው ከምናስገባው እጅግ ስለሚያንስ ብዙ ፉርጎ ባዶውን ይወርዳል። የአንድ አቅጣጫ ኪራይ የደርሶ መልሱን ወጪ መሸፈን አለበት። በዚያ ላይ ከባድ መኪና ከወደብ ተነሥቶ መጋዘን በር ድረስ ይገባል፤ ባቡር ጣቢያው ላይ ያራግፋል፣ ከዚያ ወዲያ ሌላ መኪና፣ ሌላ ጫኝና አውራጅ፣ ሌላ ሒሳብ።

ኬንያም በ2017 ሞምባሳን ከናይሮቢ በአዲስ ሀዲድ አገናኝታ፣ ወደ ኡጋንዳ ድንበር ስታቀና በ2019 ናይቫሻ አጠገብ ቆመች።

ታንዛኒያና ቡሩንዲ የያዙት ከታንዛኒያዋ ኡቪንዛ ወደ ቡሩንዲዋ ሙሶንጋቲ የሚዘልቅ የሀዲድ ዕቅድ በሌላ ጫፍ ይጀምራል፤ ሙሶንጋቲ መሬቷ ውስጥ ኒኬል አለ። ወደ ወደብ የሚወርደው ጭነት ምን እንደሆነ አስቀድሞ ታውቋል፤ እዚያ የጎደለው ወደ ላይ የሚወጣው ነው።