የወገብ ሕመምተኛን ጠይቆ ማድመጥ

ጌታችን ለ38 ዓመት በአልጋ ላይ የነበረውን መጻጉዕ የፈወሰው አስቀድሞ ጠይቆት ነው። ሰውየውም ወደ መጠመቂያው የሚያወርደው ሰው እንደሌለው ተናገረ፤ ጥያቄው ከሕመሙ ጀርባ ያለውን ብቸኝነት ገለጠ። የፊዚዮቴራፒ ተማሪም የሕመምተኛውን ወገብ ከመዳሰሱ በፊት ሊማረው የሚገባው እንዲህ መጠየቅንና ማድመጥን ነው።

የዓለም ጤና ድርጅት እንደሚገልጸው፣ እ.ኤ.አ. በ2020 በዓለም ላይ 619 ሚሊዮን ሰዎች የወገብ ሕመም ነበረባቸው። አብዛኛው ሕመም ከአንድ ተለይቶ ከሚታወቅ በሽታ የሚመነጭ አይደለም፤ ጥቂቱ ግን አደገኛ በሽታን ይሸሽጋል። ሁለቱን ለመለየት የመጀመሪያው መሣሪያ የሕመምተኛው ታሪክ ነው።

በሆሳዕና ወይም በዱራሜ የሚያገለግል ተማሪ «ኩላሊቴን አመመኝ» ሲባል ወዲያው መደምደም የለበትም፤ ብዙ ሰው የወገብ ሕመምን በኩላሊት ስም ይጠራልና «በእጅዎ ያሳዩኝ» ይበል። በካርዱ ላይ «የቤት እመቤት» ብሎ ማለፍም አይበቃም። የሐዲያና የከምባታ እናቶች እንሰት ሲፍቁ ጎንበስ ብለው ይውላሉ፤ ውኃና ማገዶም ይሸከማሉ። ስለዚህ ሕመሙ መቼ እንደጀመረ፣ ምን እንደሚያብሰውና ምን እንደሚያስታግሰው፣ ወደ እግር ይወርድ እንደሆነ በየተራ ይጠየቃል።

ሌሊት የማያስተኛና በዕረፍት የማይቀል ሕመም፣ ትኩሳት፣ የሌሊት ላብ፣ ያለ ምክንያት መክሳት የአከርካሪ አጥንት ቲቢን ወይም ሌላ ከባድ በሽታን ሊያመለክቱ ይችላሉ። ይህ ቲቢ ሳል ሳይኖርም ሊከሠት ይችላል። የእግሮች መስነፍ፣ በጭኖች መካከል መደንዘዝ፣ ሽንትን መቆጣጠር አለመቻል ደግሞ በዚያው ቀን ወደ ሆስፒታል የሚያስልኩ ምልክቶች ናቸው።

ይሁን እንጂ ሐዲይኛ ወይም ከምባትኛ ብቻ የሚናገሩ እናት፣ የሚያስተረጉምላቸው ልጃቸው ከሆነ፣ ስለ ሽንት ሲጠየቁ አፍረው «ደኅና ነኝ» ሊሉ ይችላሉ። ያች አንዲት ቃል እግራቸውን ልታሳጣቸው ትችላለች። ተማሪው ሴት አስተርጓሚ መፈለግን፣ በግል መጠየቅን፣ ስለ ወጌሻና ስለ ጠበልም ያለ ንቀት መጠየቅን ሊለማመድ ይገባል።

የሰበካ ጉባኤያትና ካህናትም ድርሻ አለን። ሕመምተኛን ወደ ሕክምና ስንሸኝ ታሪኩን ራሱ ይናገር፤ እኛ አንናገርለት። አደገኛ ምልክት ያለበትን ሰው ለመታሸት ወደ ወጌሻ አንላከው። የቲቢ መድኃኒት የጀመረውንም ጠበል እየተጠመቀ መድኃኒቱን ሳያቋርጥ እንዲጨርስ እንምከረው።