ለክረምት ስንት ንፋስ ይሞላ?

መርካቶ፣ ምን አለሽ ተራ የደረሰ ጎማ ሥራው አያልቅም። መሬት ሲረግጥ የኖረው ወፍራም ክፍሉ ተቆርጦ የበረባሶ መርገጫ ይሆናል፤ ካላማዳሪው ደግሞ በስሱ ተሰንጥቆ ጭነት ይታሰርበታል። ቢላዋ ከማረፉ በፊት ልብ ብሎ ላየው ሰው ግን ጎማው እንዴት እንደተነዳ ይታወቃል። ዳርና ዳሩ ሙልጭ ብሎ መሀሉ ላይ ጥርስ የቀረው፣ ንፋስ እያነሰው የሮጠ ነው። መሀሉ አልቆ ዳሩ የተረፈው ከልክ በላይ ተነፍቶ የኖረ ነው። የተረፈው ጥርስ ለበረባሶ ሠሪው ትርፍ ነው፤ ለመኪናው ባለቤት ግን ከፍሎበት ያልተጠቀመበት ጎማ ነው።

በበጋ ጉዳቱ በአብዛኛው ኪስ ላይ ነው። በክረምት ግን ሕይወት ላይ ይደርሳል።

ዝናቡ ሲጠነክር «መሬት እንዲይዝ ንፋሱን ቀነስ አድርግልኝ» የሚሉ አሽከርካሪዎች አሉ። ሐሳቡ ለጭቃ ይሠራል፤ ማጥ የያዘው መኪና ንፋስ ሲቀነስለት ጎማው ተንጣሎ ሰፊ ቦታ ስለሚረግጥ ለመውጣት ይቀለዋል። እንደወጣ ግን ተመልሶ መሞላት አለበት። ውሃ የተኛበት አስፋልት ላይ ነገሩ ተገላቢጦሽ ነው። እዚያ ጎማው ውሃውን በጥርሶቹ መካከል ገፍቶ አስፋልቱን መንካት አለበት። ንፋስ ሲያንሰው መሀሉ ወደ ውስጥ ይጎብጣል፤ ውሃው መውጫ ያጣና መኪናውን ያንሳፍፈዋል። ያን ጊዜ መሪም ፍሬንም አይታዘዝም።

የአሜሪካው ናሳ ተመራማሪዎች ይህንን በአውሮፕላን ጎማ አጥንተው በ1963 እ.ኤ.አ. አንድ ቀመር አወጡ። ውሃው ከጥርሱ ጥልቀት ሲበልጥ፣ ጎማው የሚንሳፈፍበትን ፍጥነት በዋናነት የሚወስነው በውስጡ ያለው ንፋስ ነው። በቀመሩ መሠረት 32 ፒ.ኤስ.አይ. (PSI) የተሞላ ጎማ በሰዓት 94 ኪሎ ሜትር ገደማ ላይ ይንሳፈፋል፤ 20 ብቻ የያዘው ግን 75 ላይ። በአዲስ አበባ–አዳማ የፍጥነት መንገድ ላይ 75 ማንም የሚነዳው ፍጥነት ነው።

ጎርፍ የሸፈነው ጉድጓድም አለ። ንፋሱ ያነሰ ጎማ እዚያ ሲገባ ቸርኬው ከጉድጓዱ ጠርዝ ጋር ያጣብቀውና ጎኑን ይቆርጠዋል።

ታዲያ ስንት ይሞላ? መልሱ የሹፌሩ በር ሲከፈት ምሰሶው ላይ በተለጠፈው ጽሑፍ ላይ ይገኛል። ለብዙ ትንንሽ የቤት መኪናዎች ቁጥሩ ከ30 እስከ 35 ነው፤ ለሙሉ ጭነት ከፍ ያለ ቁጥር የሚሰጡም አሉ። ለክረምት ተብሎ የሚቀነስ የለም። በጎማው ጎን የተጻፈው ትልቅ ቁጥር ጎማው የሚችለው ከፍተኛ መጠን ስለሆነ፣ እሱን አይቶ ማስሞላት መሀሉን ማስበላት ነው። በእግር መታ መታ አድርጎ መገመትም መቅረት ያለበት ልማድ ነው፤ የዛሬ ጎማ 10 ጎድሎትም ለዓይን ደህና ሊመስል ይችላል።

መለካት ያለበት ጎማው ሳይሞቅ ነው። መኪናው ቢያንስ ሦስት ሰዓት ከቆመ በኋላ፣ በተለይ ጠዋት፣ ለቤት ቅርብ የሆነው ጎሚስታ ዘንድ መሄድ ይሻላል። አየሩ በ6 ዲግሪ ገደማ በቀዘቀዘ ቁጥር ንፋሱ በ1 ይቀንሳል። በሚያዝያ ቀትር በ26 ዲግሪ 32 የተሞላ ጎማ፣ በሐምሌ ንጋት 10 ዲግሪ ላይ ከ30 በታች ይወርዳል። በዚያ ላይ ጤነኛ ጎማም ቢሆን በወር 1 ያህል ያፈሳል። ከሚያዝያ ወዲህ ያልተለካ ጎማ ሐምሌን የሚቀበለው 27 ላይ ሆኖ ነው።

ወደ ቆላ የሚወርዱ ሰዎች ሌላ ጥያቄ አላቸው። ከአዲስ አበባ ተነስቶ ዓባይ በረሃ ድልድዩ ጋ ሲደርስ የውጭው አየር ግፊት ስለሚጨምር መለኪያው በ2 ገደማ ዝቅ ብሎ ያሳያል፤ የበረሃው ሙቀት ግን ያንኑ ያህል መልሶ ይጨምራል። ስለዚህ ከመነሻው በትክክል የተሞላ ጎማ መንገድ ላይ መነካካት አያስፈልገውም። ሞቆ ከፍ ያለ ቁጥር ስላሳየ ማስተንፈስ ስህተት ነው፤ ማታ ሲቀዘቅዝ ከሚገባው በታች ይሆናል።

እውነተኛውን ብርድ የሚያውቁት ሚኒሶታ ያሉ ኢትዮጵያውያን ናቸው። በመጸው መግቢያ በ25 ዲግሪ የተሞላ 32፣ ከዜሮ በታች 20 ዲግሪ ሲደርስ ወደ 24 ይጠጋል። ከ2008 ሞዴል ወዲህ የተሠሩ የአሜሪካ መኪናዎች ንፋሱ ከታዘዘው በሩብ ሲጎድል ዳሽቦርዱ ላይ መብራት የማብራት ግዴታ አለባቸው፤ በመጀመሪያው ከባድ ብርድ ጠዋት ብዙ ዳሽቦርድ ላይ የሚበራው ለዚህ ነው።

አዲስ አበባ ውስጥ ያሉ ብዙ አሮጌ መኪናዎች ይህ መብራት የላቸውም። ሰኔ ላይ አራቱን እግሮች የሚያስለካ ሰው ስኮርታውንም አብሮ ያስለካ፤ መንገድ ዳር በዝናብ የሚገጠመው እሱ ነው፤ ብዙ ጊዜም ከተገዛበት ቀን ጀምሮ ንፋስ ያላየው እሱ ነው።