የቅጠል ጀርባ ምን ይነግረናል?
በስልክ ካሜራ ዕፅዋትን በቅርብ ስለ ማንሳት



ስልክ ያለው ሰው ሁሉ ፎቶግራፍ ያነሳል። ለበዓል፣ ለምረቃ፣ ለሩቅ ዘመድ ለመላክ ሲባል እንነሳለን። በዚህ ጽሑፍ የምናወራው ግን ስለ ሌላ ዓይነት ፎቶግራፍ ነው፤ ቅጠልን፣ አበባንና እሾህን በጣም ተጠግቶ ስለ ማንሳት። ይህን የትርፍ ጊዜ ሥራቸው አድርገው የያዙ ሰዎች በየአገሩ አሉ። ውድ ካሜራ የገዙ አሉ፤ ከወላጅ በተዋሱት ስልክ የሚሠሩም አሉ። የሚያጋጥማቸው ችግር ግን አንድ ዓይነት ነው፤ መፍትሔውም እንደዚሁ።

ምን ይጠቅመናል?

«ማገዶና ውኃ ያሳሰበው ሰው በቅጠል ፎቶግራፍ ምን ያደርጋል?» የሚል አይጠፋም። ጥያቄው ተገቢ ነው። ሁለት ምሳሌ እንስጥ።

በካኩማ አካባቢ ሁለት እሾሃማ ዛፎች በብዛት ይታያሉ። አንደኛው ኬንያውያን ማዜንጌ የሚሉት ፕሮሶፒስ ነው። ሁለተኛው ጃንጥላ የመሰለው ግራር ነው። ሁለቱም ደቃቅ ቅጠል አላቸው፤ በተለይ ገና ትንንሽ ሳሉ ከሩቅ ለመለየት ያስቸግራሉ። ፕሮሶፒስ ከአሜሪካ አህጉር መጥቶ የተተከለ፣ በኋላም በራሱ እየተስፋፋ የግጦሽ መሬት የሚወር ዛፍ ነው። ከአፋር በኩል የመጣችሁ በአዋሽ ዳር ታውቁታላችሁ። ግራሩ ግን የአገሩ ዛፍ ነው። ፍሬው ለቱርካና ሕዝብ ፍየሎች መኖ ነው፤ ጥላው ሰውንም ከብትንም ያሳርፋል። ማገዶ የሚለቅም ልጅ አንዱን ከሌላው ካልለየ የጎረቤቱን ሀብት ሊቆርጥ ይችላል። ከዚያ የሚመጣው ጠብ ለማንም አይበጅም። እንግዲህ ዛፍን ለይቶ ማወቅ የጉርብትናም ጉዳይ ነው።

ሁለተኛው ምሳሌ ከደጃችን ነው። እናቶቻችን በጣሳና በአሮጌ ጀሪካን ጤና አዳምና በሶብላ ያበቅላሉ። በስደት የተወለደ ልጅ ሽታውን ያውቀዋል፤ ስሙንና ከሌላው የሚለይበትን ምልክት ግን ላያውቅ ይችላል። ወላጅ እየነገረ ልጅ ፎቶግራፍ ቢያነሳና ስሙን ቢጽፍበት ዕውቀቱ ከእናት ወደ ልጅ ይተላለፋል።

አንድ መምህር የሠራው ሥራ

ካርል ብሎስፌልት (እ.ኤ.አ. 1865–1932) በበርሊን የሥነ ጥበብ ትምህርት ቤት መምህር የነበረ ጀርመናዊ ነው። የፎቶግራፍ ሙያ በትምህርት ቤት አልተማረም። ነገር ግን ተማሪዎቹ የዕፅዋትን ቅርጽ አጥንተው እንዲሥሉና እንዲቀርጹ ይፈልግ ነበር። ስለዚህ በራሱ እጅ በሠራው ካሜራ ቡቃያን፣ ግንድንና የፍሬ ቅርፊትን እስከ 30 እጥፍ አጉልቶ ያነሳ ጀመር። ያነሳቸው አብዛኞቹ ዕፅዋት በየመንገዱ ዳር የሚበቅሉ፣ ሰው ረግጧቸው የሚያልፍ ነበሩ። ሥራው በመጽሐፍ ታትሞ ስሙ የታወቀው በ1928 (እ.ኤ.አ.) ሲሆን፣ ያን ጊዜ ዕድሜው ከ60 አልፎ ነበር። ብልሃቱ ቀላል ነበር፤ የቀን ብርሃን፣ ባዶ ጀርባና ትዕግሥት። እኛም የምንጠቀመው በእነዚሁ ነው።

1ኛ. ርቀት

ጣታችሁን ከዓይናችሁ ፊት ለፊት አድርጋችሁ ቀስ በቀስ ወደ አፍንጫችሁ አስጠጉት። አንድ ቦታ ሲደርስ ይደበዝዛል። ካሜራም እንደዚሁ ነው። ሌንሱ ከቅጠሉ የሚመጣውን ብርሃን ሰብስቦ በካሜራው ውስጥ ባለው ብርሃን ተቀባይ ላይ ያሳርፈዋል። ቅጠሉ ከመጠን በላይ ሲጠጋ ግን ብርሃኑ ተቀባዩ ላይ ሲደርስ ገና ተሰብስቦ አላለቀም፤ ስለዚህ ምስሉ ይደበዝዛል። የጀማሪዎች ትልቁ ስሕተት ይህ ነው።

እንዲህ አድርጉ። ከአንድ ስንዝር ጀምሩ። በስክሪኑ ላይ ጥርት ብሎ እንዲወጣ የምትፈልጉትን ቦታ በጣት ንኩ። ቀስ እያላችሁ ተጠጉ። መደብዘዝ ሲጀምር ትንሽ ወደ ኋላ ተመለሱና እንደገና ነክታችሁ አንሱ። ምስሉ ካነሰባችሁ በኋላ ዙሪያውን መቁረጥ ይቻላል። በብዙ ስልኮች «ዙም» ማድረግ ምስሉን ይለጥጠዋል እንጂ አዲስ ነገር አያሳይም። በካሜራችሁ ላይ ትንሽ የአበባ ምልክት ካለ ለቅርብ ማንሻ የተሠራ ነውና ተጠቀሙበት። በትምህርት ቤት ማጉያ መነጽር ካለም ከስልኩ ሌንስ ፊት አድርጋችሁ ሞክሩ፤ ከበፊቱ የበለጠ መጠጋት ትችላላችሁ።

2ኛ. አቅጣጫ

ተጠግተን ስናነሳ ጥርት ብሎ የሚወጣው ክፍል በጣም ስስ ነው፤ አንዳንዴ ጥቂት ሚሊሜትር ብቻ ነው። ከዚያ ወዲህም ወዲያም ያለው ይደበዝዛል። ስለዚህ ቅጠል ስታነሱ ስልኩና ቅጠሉ እንደ ተዘጋ መጽሐፍ ሁለት ገጾች ትይዩ ይሁኑ። አበባ ሲሆን ሁሉም ጥርት ሊል አይችልምና አስቀድማችሁ ምረጡ፤ መልኩን ለማሳየት ከሆነ መካከሉን፣ እሾሁን ለማሳየት ከሆነ እሾሁን ንኩ።

3ኛ. አለመንቀሳቀስ

ካሜራ ቅጠልን ሲያጎላ የእጃችንን መንቀጥቀጥም አብሮ ያጎላል። ተንበርከኩ፤ ክርናችሁን በጉልበታችሁ ላይ አስደግፉ፤ ትንፋሽ ዋጥ አድርጋችሁ አንሱ። ነፋስ ካለ ጓደኛችሁ በጀርባው ወይም በደብተር ይከልልላችሁ። ቅርንጫፉን በልብስ መቆንጠጫ ከእንጨት ጋር አያይዞ ማቆምም ይቻላል። ነፋስና አቧራ ሳይነሣ በማለዳ መሥራት ከሁሉ ይሻላል።

4ኛ. ብርሃን

የእኩለ ቀን ፀሐይ ቅጠሉን አንድ ጎኑን ነጭ፣ ሌላውን ጥቁር አድርጋ ዝርዝሩን ታጠፋለች። ጠዋትና ከሰዓት በኋላ ፀሐይ ዘቅዘቅ ስትል የእሾህና የጸጉር ጥላ ስለሚታይ ምስሉ ሕይወት ያገኛል። በቀትር ማንሳት ግድ ከሆነ በነጠላ ወይም በሌላ ነጭ ጨርቅ ጥላ አድርጉ። ጨለማ ባለበት በኩል ነጭ ወረቀት ብትይዙ ብርሃኑን መልሶ ያበራል። ፍላሽ አጥፉ። የቅጠል ሥሮችን ለማየት ደግሞ ቅጠሉን በእናንተና በብርሃኑ መካከል አድርጉት።

5ኛ. ጀርባና መጠን

ከአበባው ጀርባ ብዙ ነገር ካለ ዓይን ይባክናል። ጥቁር ጨርቅ ወይም የደብተር ሽፋን ከኋላ አድርጉ። ከጎን እርሳስ ወይም ሳንቲም ብታስቀምጡ መጠኑ ይታወቃል። ሌንሱንም አትርሱ፤ አቧራውን መጀመሪያ እፍ ብላችሁ ከዚያ በለስላሳ ጥጥ ጨርቅ ጥረጉ። አቧራ ሳይራገፍ መጥረግ መስታወቱን ይጭራል።

መልመጃ

ሀ. ከወላጅ አስፈቅዳችሁ አንድ የጤና አዳም ቅጠል ወደ ብርሃን ያዙና አንሱ። በቅጠሉ ላይ ብርሃን የሚያሳልፉ ጥቃቅን ነጠብጣቦች ይታያሉ። እነዚህ የዘይት ከረጢቶች ናቸው። ቡና ውስጥ ጣል ስናደርጋት የሚያውደው ሽታ የሚመጣው ከእነርሱ ነው። ከነካችሁ በኋላ እጃችሁን ታጠቡ፤ ፈሳሹ ቆዳ ላይ ቆይቶ ፀሐይ ሲያገኘው ሊያቃጥል ይችላል።

ለ. ሁለቱን ዛፎች አንሱና አወዳድሩ። የፕሮሶፒስ አበባ የጣት ርዝመት ያለው ቢጫ ጭራ ይመስላል፤ ተጠግታችሁ ስታዩት ግን በመቶ የሚቆጠሩ ጥቃቅን አበቦች የተደረደሩበት ነው። ፍሬው እንደ ባቄላ ዘርዘር ያለ ቢጫ ነው። የግራሩ አበባ ነጣ ያለ ትንሽ ድቡልቡል ኳስ ነው፤ ፍሬውም እንደ ሽቦ ጥቅል የተጠማዘዘ ነው። የግራሩ ትልቅ ምልክት እሾሁ ነው፤ ረጅምና ቀጥ ያለ ነጭ እሾህ፣ እንዲሁም አጭርና እንደ መንጠቆ የታጠፈ እሾህ በአንድ ቅርንጫፍ ላይ ተቀላቅለው ይገኛሉ።

አንድን ተክል ለማስታወቅ አንድ ፎቶግራፍ አይበቃም። መላውን ተክል፣ የቅጠሉን ፊትና ጀርባ፣ ቅጠሉ ከግንዱ ጋር የተያያዘበትን፣ አበባውን ከፊትና ከጎን፣ ፍሬውንና ልጡን አንሱ። ቀኑንና ቦታውን በደብተር ጻፉ። ስልክ ቻርጅ ማድረግ ወጪ ነውና ብዙ ከማንሳት አስቦ ጥቂት ማንሳት ይሻላል።

ጥንቃቄ

ፎቶግራፍ ብቻ አይታችሁ ምንም ዓይነት ቅጠል ወይም ፍሬ አትብሉ፤ መድኃኒት ነውም አትበሉ። መርዛማው ከሚበላው ጋር ሊመሳሰል ይችላል። ሲቆረጥ ነጭ ወተት የሚያፈስ ተክል አትንኩ፤ ፈሳሹ ዓይን ሊጎዳ ይችላል። ፕሮሶፒስ ሥር በባዶ እግር አትግቡ።

ሰውን ሳታስፈቅዱ አታንሱ። በጀርባ የጎረቤት ፊት፣ ቤት ወይም የጥበቃ ቦታ እንዳይገባ ተመልከቱ። ብዙ ስልኮች ፎቶግራፉ የተነሳበትን ቦታ በምስሉ ውስጥ በስውር ይመዘግባሉ። ቦታችሁ እንዲታወቅ የማትፈልጉ ከሆነ ምስል ከመላካችሁ በፊት ወላጅ ወይም መምህር ይህን ምዝገባ እንዲያጠፋላችሁ ጠይቁ።

ወላጆች ሆይ፣ ልጃችሁ ስልክ ሲዋሳችሁ አብራችሁት ወደ ጀሪካኑ ውጡ። እርሱ ያንሳ፤ እናንተ ስሙን ንገሩት። በአገር ቤት ምን ትሉት እንደ ነበር፣ ማን እንዳሳያችሁም ጨምሩለት። ያንን ካሜራው ሊያነሳው አይችልም።