ፋኑ ይዞራል፣ ምስል የለም፦ አዲስ ማዘርቦርድ በመንዝ ደጋ

ዴስክቶፕ ኮምፒውተር በራሱ እጅ የሚገጣጥም ሰው ሁሉ የሚፈራው አንድ ደቂቃ አለ። ማብሪያውን ይጫናል፤ ፋኑ ይዞራል፤ ከማዘርቦርዱ ጥግ ትንሽ መብራት ትበራለች፤ ሞኒተሩ ግን ጥቁር እንደሆነ ይቀራል። ይህ አዲስ አበባ ላይ ቢያጋጥም ቦርዱን በካርቶኑ መልሶ ወደገዙበት ሱቅ መሄድ የግማሽ ቀን ጉዳይ ነው። መሐል ሜዳ፣ ሞላሌ ወይም ራቤል ላለ ሰው ግን ነገሩ ሌላ ነው። ከመሐል ሜዳ አዲስ አበባ 280 ኪሎ ሜትር ያህል ይርቃል። ከመርሐቤቴ ዓለም ከተማ የሚነሳውም የጀማን ሸለቆ ወርዶ ወጥቶ ነው ለሚ የሚደርሰው። የመኪናው፣ የአልጋውና የምግቡ ወጪ አንድ ነገር ነው፤ ከሁሉ የሚከፋው ግን ያን ሁሉ መንገድ ተጉዞ ሻጩ ቦርዱን ሰክቶ በማብራት «ምንም አልሆነም» ሲል መስማት ነው።

ይህ ደግሞ ብዙ ጊዜ ይሆናል። ምስል እምቢ ያለ አዲስ ቦርድ በአብዛኛው ራሱ አልተበላሸም፤ ያልጠበቀ ራም፣ የተረሳ ገመድ ወይም ቦርዱ የማያውቀው ፕሮሰሰር ነው ያቆመው። ስለዚህ ደጋው ላይ ሆኖ ኮምፒውተር ለሚገጥም ሰው «ቦርዱ ሞቷል» የሚለው ፍርድ መምጣት ያለበት ሌላው ሁሉ ተጣርቶ ሲያልቅ ነው ብዬ አጥብቄ አምናለሁ። ለማጣራቱ የሚያስፈልገውም ውድ መሣሪያ አይደለም፤ ካቻቢቴና ትዕግሥት ይበቃል።

መጀመሪያ ቦርዱ ሲነሳ የሚያደርገውን ማወቅ ይጠቅማል። ኤሌክትሪክ ሲደርሰው ባዮስ የሚባለው፣ በአንዲት ትንሽ ቺፕ ላይ የተጫነው ፕሮግራም ይነቃና በተራ ይመረምራል። ፕሮሰሰሩን፣ ቀጥሎ ራሙን፣ ከዚያ ምስል የሚያወጣውን ክፍል፣ በመጨረሻም ሲስተም የሚነሳበትን ዲስክ ይፈትሻል። መልስ ያጣበት ቦታ ላይ ይቆማል። ሞኒተሩ ላይ ነገር መታየት የሚጀምረው ሦስተኛው ምርመራ ካለፈ በኋላ ስለሆነ ጥቁር ስክሪን ብቻውን ችግሩ የቱ ጋ እንደሆነ አይናገርም። ብዙዎቹ የቅርብ ጊዜ ቦርዶች ጠርዛቸው ላይ አራት ጥቃቅን መብራቶች አሏቸው፤ በአጠገባቸውም ሲፒዩ፣ ዲራም፣ ቪጂኤ እና ቡት የሚል ተጽፏል። በርታ የቀረችው መብራት ምርመራው የቆመበትን ታሳያለች። ርካሽ ቦርዶች ይህ ላይኖራቸው ይችላል፤ ለእነሱ ፒኖቹ ላይ የምትሰካ ትንሽ ድምፅ ማውጫ አለች። በጩኸቷ ርዝመትና ብዛት ጥፋቱን ትናገራለች፤ ትርጉሙ ከቦርዱ ጋር በሚመጣው መምሪያ ላይ አለ። ዋጋዋ ኢምንት ነው፤ ከአዲስ አበባ ዕቃ የሚያስመጣ ሰው አንዷን አብሮ ቢያስልክ ብዙ ድካም ታቀልለታለች።

ከኤሌክትሪኩ እንጀምር። ከፓወር ሰፕላዩ ወደ ቦርዱ የሚሄዱት ዋና ገመዶች ሁለት ናቸው፤ ባለ 24 ፒኑ ሰፊው፣ እንዲሁም ከፕሮሰሰሩ አጠገብ የሚሰካው ባለ 4 ወይም ባለ 8 ፒኑ። ጀማሪ የሚረሳው ሁለተኛውን ነው። እሱ ሳይሰካ ፋን ይዞራል፣ መብራትም ይበራል፤ ፕሮሰሰሩ ግን ኃይል ስላላገኘ ምንም አይጀምርም። የቆዩና ርካሽ ፓወር ሰፕላዮች ከኋላቸው 115 እና 230 የሚል ቀይ ማዞሪያ አላቸው፤ የኛ መብራት 220 ቮልት ስለሆነ ማዞሪያው 115 ላይ ሆኖ ከተሰካ ይቃጠላል። የማታው መብራትም አይረሳ። የኤሌክትሪክ ምጣድ ከ3 ኪሎዋት በላይ ይስባል፤ በአንድ መስመር ላይ ያሉ ቤቶች እንጀራ በሚጋግሩበት ሰዓት ቮልቱ ሲወርድ ኮምፒውተሩ በራሱ ይጠፋና ጥፋቱ ለአዲሱ ቦርድ ይሰጣል። ሙከራው ጠዋት ሲደገም የሚነሳ ማሽን ከቦርዱ ጋር ምንም ጠብ የለውም፤ የሚያስፈልገው ስታቢላይዘር ነው።

ገመዶቹ ልክ ከሆኑ በኋላ ከሁሉ የበለጠ የምተማመንበት ሥራ ቦርዱን ከኬዙ ማውጣት ነው። በራሱ ካርቶን ላይ ይቀመጥ፤ የመጣበት አብረቅራቂ ፌስታል ላይ አይሁን፣ የውጭ ገጹ ኤሌክትሪክ ሊያስተላልፍ ይችላልና። ፕሮሰሰሩ ከነማቀዝቀዣው፣ አንድ ራም ብቻ፣ ፓወር ሰፕላይ፣ ሞኒተር፤ ሌላ ምንም አይሰካ። ማብሪያው የሚሰካባቸውን ሁለት ፒኖች በካቻቢቴ ጫፍ ለአፍታ ማነካካት ቁልፍ እንደመጫን ነው። እንዲህ ሆኖ ከተነሳ ጥፋቱ ኬዙ ውስጥ ነው። ብዙ ጊዜም የሚገኘው ቦርዱን ከብረቱ ከፍ አድርገው የሚይዙት የነሐስ ብሎኖች ዘንድ ነው፤ አንዱ ቀዳዳ በሌለበት ቦታ ገብቶ የቦርዱን ጀርባ ይነካና ሾርት ያደርጋል።

ካልተነሳ ወደ ራሙ እንሂድ። ራም በሁለቱም ጫፍ «ቀጭ» እስኪል ድረስ መጫን አለበት፤ አዲስ ሰው ቦርዱ ይሰበራል ብሎ ስለሚፈራ በግማሽ ይተወዋል። አራት መሰኪያ ባላቸው አብዛኞቹ ቦርዶች ላይ አንድ ራም ብቻ ሲኖር ቦታው ከፕሮሰሰሩ ሲቆጠር ሁለተኛው ነው። ቦርዱ ዲዲአር 5 ከሆነ ደግሞ በመጀመሪያው ማብራት ራሙን አጥንቶ ለመጨረስ ደቂቃዎች ሊወስድ ይችላል። በዚያ መሃል ተስፋ ቆርጦ የሚያጠፋ ሰው ሥራውን ከዜሮ ያስጀምረዋል።

ቀጥሎ ፕሮሰሰሩና ቦርዱ ይተዋወቁ እንደሆነ ይታይ። መሰኪያው ገጠመ ማለት ቦርዱ ፕሮሰሰሩን ያውቀዋል ማለት አይደለም። ቢ 450 የሚባለው የኤኤምዲ ቦርድ እ.ኤ.አ. ከ2020 ጀምሮ የወጡትን ራይዘን 5000 ፕሮሰሰሮች የሚቀበለው ባዮሱ ከታደሰ ብቻ ነው። የኢንቴል 600 ተከታታይ ቦርዶችም ለ13ኛው ትውልድ እንዲሁ ናቸው። አንዳንድ ቦርድ ፕሮሰሰር ሳይኖረው እንኳ በፍላሽ ዲስክ ባዮሱን የሚያድስ ቁልፍ አለው። ፋይሉን ግን ከአምራቹ ገጽ ማውረድ ያስፈልጋል። በአማራ ክልል ከ2015 ዓ.ም. መጨረሻ ጀምሮ የሞባይል ኢንተርኔት ለረጅም ወራት መቋረጡን ያየ ሰው ይህን ለነገ አይተውም፤ ፋይሉ ቦርዱ ሲገዛ እዚያው አዲስ አበባ ላይ ፍላሽ ውስጥ መግባት አለበት። ሌላም አለ፤ በስማቸው መጨረሻ ላይ ኤፍ ያለባቸው የኢንቴል ፕሮሰሰሮች ምስል የማውጣት አቅም የላቸውም። ከእነሱ ጋር የቦርዱ የሞኒተር መሰኪያ መቼም ምስል አይሰጥም፤ ለብቻው የሚሰካ ግራፊክስ ካርድ ያስፈልጋል እንጂ ምንም የተበላሸ ነገር የለም።

እስካሁን ያልኩት የትም አገር የሚሠራ ነው። የመንዝና የግሼ ደጋ የራሱ ጠባይ ደግሞ አለው።

በኅዳርና በታኅሣሥ ሌሊቱ ውርጭ ነው። በመኪና ሲጓዝ አድሮ የቀዘቀዘ ቦርድ ቡና የሚፈላበት ሞቃት ቤት ገብቶ ወዲያው ከተከፈተ በላዩ ላይ እርጥበት ይይዛል። በካርቶኑ እንደታሸገ ቤቱን እስኪለምድ ጥቂት ሰዓታት መተው ነው፤ የሚሻለው እንዲያውም ማሳደር ነው። ከዚህ የከፋው ግን የበጋው ደረቅ አየር ነው። መንዝ የበግና የሱፍ አገር ነው፤ ባና ተከናንቦ፣ የሱፍ ሹራብ ለብሶ የማይቀመጥ የለም። ሱፍ ከፕላስቲክ ጋር ሲፋተግ በደረቅ አየር ውስጥ ሰውነት ላይ ኤሌክትሪክ ይጠራቀማል። ሰው ብልጭታው የሚሰማው 3,000 ቮልት አካባቢ ሲደርስ ነው፤ ቺፕ ግን በጥቂት መቶ ቮልት ሊጎዳ ይችላል። አንዳንዱ ጉዳት ያኔውኑ አይታይም፤ ቦርዱ ዛሬ ሠርቶ ከወራት በኋላ ይደክማል። ስለዚህ ባናው ወደ ጎን ይቀመጥ፣ ሥራው ላስቲክ ምንጣፍ ላይ አይሁን፤ ቦርዱን ከመንካት በፊትም ሆነ በሥራው መሃል የኬዙን ቀለም ያልተቀባ ብረት በእጅ መንካት ይለመድ።

ከፍታውም ሥራ አለው። በ3,000 ሜትር ላይ አየሩ ከባሕር ወለሉ ሩብ ያህል የሳሳ ነው። ውኃ በ90 ዲግሪ ገደማ ፈልቶ ባቄላው አልበስል የሚለው በዚሁ ምክንያት ሲሆን፣ የፕሮሰሰሩ ፋንም በዚሁ ምክንያት ከአምራቹ ግምት ያነሰ ሙቀት ነው የሚያወጣው። የአገሩ ብርድ ይህን በአብዛኛው ይክሰዋል፤ ሆኖም የማቀዝቀዣው ሥር ላይ ያለችው ስስ ፕላስቲክ ሳትላጥ ከቀረች ማሽኑ በርቶ ወዲያው ይጠፋል። የሚሽከረከረው ሃርድ ዲስክ ግን ሌላ ጉዳይ ነው። ጭንቅላቱ ከሳህኑ በላይ የሚንሳፈፈው በስስ አየር ላይ ስለሆነ አምራቾቹ የሥራ ጣሪያውን ብዙውን ጊዜ 3,048 ሜትር ይላሉ። መሐል ሜዳ ከ3,000 ሜትር በላይ ነው፤ የጓሳ ዳርቻ ያሉ ቀበሌዎች ደግሞ ከዚያም ከፍ ይላሉ። በርታ የቀረችው የቡት መብራት ከሆነች ከቦርዱ በፊት ዲስኩ ይጠርጠር፤ አዲስ ለሚገዛም ኤስኤስዲ ይሻለዋል።

ማሽኑ ከተነሳ በኋላም አንድ ስሕተት አለ። የባዮሱ ቀን በፈረንጆቹ አቆጣጠር ነው የሚሞላው። በአገራችን አቆጣጠር 2018 ብሎ የሞላ ሰው ኮምፒውተሩን ሰባት ወይም ስምንት ዓመት ወደ ኋላ ይመልሰዋል፤ ያኔ ድረ ገጾች የደኅንነት ማረጋገጫቸው ገና ያልጀመረ እየመሰለ አንከፈትም ይላሉ፣ ጥፋቱም ለኔትወርክ ይሰጣል። ቀኑ በየማግስቱ የሚጠፋ ከሆነ ደግሞ ሲአር 2032 የምትባለው ባለ 3 ቮልት ክብ ባትሪ ደክማለች። ይህችን ባትሪ ስፒናውን ነቅሎ ለጥቂት ደቂቃ ማውጣት የባዮሱን ቅንብር ወደ መነሻው ይመልሳል፤ ምስል እምቢ ባለ ቦርድ ላይም መሞከር ያለበት ነገር ነው።

ይህ ሁሉ ተደርጎ እምቢ ካለ ቦርዱ ወደ ሻጩ ይሂድ። ፕሮሰሰሩ ወጥቶ የመሰኪያው ፒኖች በስልክ ፎቶ ይነሱ፤ ጥቃቅኖቹ ፒኖች ከታጠፉ ዋስትናው ይወድቃል፣ ቀጥ ብለው እንደነበሩ የሚያሳይ ፎቶ ግን ክርክር ያሳጥራል። የትኛዋ መብራት እንደቆመች፣ ምን ምን እንደተሞከረ በወረቀት ተጽፎ ካርቶኑ ውስጥ ይግባ። ቦርዱም ብቻውን አይላክ፤ ፕሮሰሰሩና ራሙ አብረው ይሂዱ። ሻጩ በራሱ ራም ቢያስነሳውና በተላከው ራም እምቢ ቢለው የሚለወጠው ራሙ ነው፤ በሁለቱም እምቢ ካለ ግን ሌላ ቦርድ እዚያው ሱቁ ውስጥ ተሰክቶ፣ ምስል አውጥቶ ከታየ በኋላ መኪና ላይ ይጫን።