አንድ ኮድ፣ ብዙ መተግበሪያ

በጾም ወቅት ጿሚና የማይጾም አብሮ በሚኖርበት ቤት የሚሠራ ብልሃት አለ። ሽንኩርቱ በዘይት ይቁላላል፣ በርበሬው ይገባል፣ ከዚያ ቁሌቱ ለሁለት ድስት ይከፈላል። አንዱ ምስር ይጨመርበታል፤ ሌላው ሥጋና ቅቤ። ድካሙ አንድ፣ ወጡ ሁለት።

ሶፍትዌር ሠሪዎችም ይህንኑ ያደርጋሉ። አንድ መተግበሪያ ነፃና የሚከፈልበት፣ ለሙከራና ለደንበኛ የሚሆን ቅጂ ሊኖረው ይችላል። ታዲያ ለእያንዳንዱ ኮዱን እየገለበጡ ለየብቻ ማስቀመጥ ጣጣ ነው፤ በአንዱ የታረመ ስህተት በሌላው ሳይታረም ይቀራል።

መላው እንዲህ ነው። በሲ ቋንቋ የተጻፈ ኮድ ወደ ማሽን ቋንቋ ከመለወጡ በፊት ፕሪፕሮሰሰር በሚባል አዘጋጅ በኩል ያልፋል። ፕሮግራመሩ «ይህ ምልክት ካለ ይህን ክፍል አስገባ፣ ከሌለ ዝለለው» ብሎ ይጽፍለታል። የተዘለለው ክፍል ተደብቆ አይቀመጥም፤ ጭራሹን አይገባም። ልዩነቱ ቀላል አይደለም። የሚከፈልበት አገልግሎት ቁልፉ ብቻ ከተደበቀ አዋቂ ፈልጎ ይከፍተዋል። ከመጀመሪያው ካልገባ ግን የሚከፈት ነገር የለም። ቅቤ ከገባ በኋላ ከላይ ጨልፎ ቢያወጡት ወጡ የጾም አይሆንም።

ትልቁ ምሳሌ ሊኑክስ ነው። ሊነስ ቶርቫልድስ እ.ኤ.አ. በ1991 ይፋ ያደረገው ይህ ሥራ ዛሬ በአንድሮይድ ስልክ ውስጥ አለ፤ ከ2017 መጨረሻ ጀምሮ ደግሞ በቶፕ 500 ዝርዝር የሚገቡት ሱፐር ኮምፒውተሮች በሙሉ የሚሠሩት በእሱ ነው። የኮዱ ምንጭ አንድ ሲሆን፣ ከ10 ሺሕ በላይ አማራጮች እየተመረጡ ለየመሣሪያው የሚስማማው ይገነባል።

ግን ነፃ ምሳ የለም። አብሪ አጥፊ 10 ከሆነ ሊወጣ የሚችለው ቅጂ 1,024 ነው፤ 20 ከሆነ ከአንድ ሚሊዮን ይበልጣል። ይህን ሁሉ ማን ይፈትሸዋል? የሊኑክስ ሰዎች አማራጮቹን በዕጣ እያወጣ የሚመርጥ መሣሪያ አላቸው፤ በዚያ እየገነቡ የማይሠራውን ጥምረት ያድናሉ።

ሌላም ወጥመድ አለ። ሲ ውስጥ አሰርት የሚባል መፈተሻ አለ፤ ለደንበኛ በሚወጣው ቅጂ ላይ እንዲጠፋ ማድረግ የተለመደ ነው። ፕሮግራመሩ ዋና ሥራ የሚሠራ ትእዛዝ እዚያ መፈተሻ ውስጥ ከከተተ፣ መፈተሻው ሲጠፋ ሥራውም አብሮ ይጠፋል። ቢሮ ውስጥ እንደ ሰዓት ሲሠራ የነበረው ደንበኛው እጅ ሲገባ ይበላሻል። የተገላቢጦሹም አለ፤ ለሙከራ ሲባል የይለፍ ቃል እንዳይጠይቅ የተደረገው ቅጂ በስህተት ለሕዝብ ከተለቀቀ በሩ ክፍት ነው።

ሄንሪ ስፔንሰርና ጄፍ ኮልየር በ1992 ባቀረቡት ጽሑፍ ይህን ዘዴ ያለ ልክ መጠቀም ጎጂ መሆኑን አስጠንቅቀዋል። የሊኑክስ የአጻጻፍ መመሪያም ሁኔታዎቹ በዋናው ኮድ መሐል እንዳይበተኑ፣ ይልቁንም በሄደር ፋይሎች እንዲሰበሰቡ ይመክራል። አንድሮይድ ላይ በጃቫ ወይም በኮትሊን የሚሠሩ ልጆች ፕሪፕሮሰሰር ባይኖራቸውም፣ ግሬድል ፍሌቨር በሚለው አሠራር የየቅጂውን ኮድ በየአቃፊው ለይተው ያስቀምጣሉ።

እንግዲህ ምክሩ አጭር ነው። አብሪ አጥፊው ይነስ፣ አንድ ቦታ ይሰብሰብ። ከሁሉም በላይ ደግሞ የሚፈተሸው ራሱ ለደንበኛ የሚሰጠው ቅጂ ይሁን። ወንድሙ ሠራ ማለት እሱ ሠራ ማለት አይደለምና።